ለስንፈተ ወሲብ የቪኤ ካሳ የምትጠይቁ ወገኖች፣ ይህን ውል እንዳትፈርሙ

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግላችሁ ወጥታችሁ፣ ቪኤ ከሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ካሳ ለምትጠይቁ ወንድሞችና እህቶች ነው። የውጭ ዜጎችን በቋንቋ ችሎታቸው ይቀጥር በነበረው፣ ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም ጦሩ ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለነበር ብዙ ልጆቻችን በዚያ በር ገብተዋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ እዚሁ አድጋችሁ ተቀጠራችሁ። በየትኛውም በር ግቡ፣ ዛሬ ስልካችሁ ላይ የሚደውለው ደላላ አንድ ነው።

«በአገልግሎት ምክንያት ስንፈተ ወሲብ አጋጥሞዎታል? የቪኤ ካሳዎን እኛ እናስጨርሳለን። ካልተሳካ አንድ ሳንቲም አይከፍሉም» ይላሉ። ማስታወቂያቸው ፌስቡክ ላይም አይጠፋም። ደግ ይመስላል። ውሉ ግን ሌላ ነው የሚለው።

አንድ ወዳጄ ያስፈረሙትን ወረቀት አሳይቶኛል። ካሳው ሲጸድቅ የወር ጭማሪውን በአምስት አባዝቶ ሊከፍላቸው ተስማምቷል። በስድስት የሚያባዙም አሉ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ2025 ተመን፣ ትዳርም ልጅም የሌለው ቬተራን (የቀድሞ ወታደር) በ30 በመቶ ሬቲንግ፣ ማለትም ቪኤ ለጉዳቱ በሰጠው መቶኛ፣ በወር 537.42 ዶላር ያገኝ ነበር። ፒቲኤስዲው (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም) ተባብሶ አጠቃላይ ሬቲንጉ 70 በመቶ ቢገባ 1,759.19 ዶላር ይሆን ነበር። ለስንፈተ ወሲቡ ደግሞ 136.06 ዶላር ይጨመርለት ነበር። ጭማሪው በድምሩ በወር 1,357.83 ዶላር ነበር። በአምስት ሲባዛ 6,789.15 ዶላር! ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው በነጻ ለሚሠራ ሥራ ነው።

ስንፈተ ወሲብ ብቻውን ስንት እንደሚያስገኝ አይነግሯችሁም። የቪኤ የሬቲንግ ሰንጠረዥ ላይ በቁጥር 7522 የተመዘገበው ይህ ችግር የሚሰጠው 0 በመቶ ነው። አትደንግጡ፣ 0 በመቶ ማለት ውድቅ ተደረገ ማለት አይደለም። ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ታውቆ ሲጸድቅ፣ ኤስኤምሲ-ኬ የሚባለው ልዩ ወርሃዊ ካሳ ይከተላል። ከላይ ያልኳችሁ የ2025ቱ 136.06 ዶላር እሱ ነው። ሬቲንጋችሁ 10 ይሁን 100 በመቶ፣ በላዩ ላይ ይጨመራል። ታክስ የለበትም። ዋናው ነገር ደግሞ፣ ስንፈተ ወሲቡ ከጸደቀ ኤስኤምሲ-ኬ ይገባ እንደሆነ ራሱ ቪኤ እንዲያይ ሰንጠረዡ ያዝዘዋል። ማለትም ደላላው «እኔ ያመጣሁት ነው» ብሎ የሚያስከፍላችሁ፣ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ሊያየው የሚገባውን ነው። ለሴት ቬተራኖችም የወሲብ ስሜት መነሳሳት ችግር በቁጥር 7632 ተመዝግቧል፣ አካሄዱም ተመሳሳይ ነው። እህቶቼ፣ ይህ የወንዶች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ታዲያ ብዙ ሰው ለምን ይፈርማል? ሀፍረት ነዋ! እኛ ዘንድ ገመና አይወራም። ሰውየው ለሚስቱ እንኳ በቅጡ ያልነገረውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከማውራት፣ በስልክ ለማያውቀው ሰው አሳልፎ መስጠት ይቀለዋል። እነሱም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሚሸጡት ወረቀት አይደለም፣ ከሀፍረት መሸሸጊያ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ጦር ሜዳ ላይ ጤናውን የከፈለ ሰው ስላፈረ ብቻ ሁለተኛ ይከፍላል።

ስለዚህ ስለ ሂደቱ በግልጽ ልንገራችሁ፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። አብዛኛው ቬተራን ይህን ክሌም (የካሳ ጥያቄ) የሚያስገባው ቀድሞ ከጸደቀለት ሌላ ሕመም ጋር አያይዞ ነው። ስኳር በሽታ ነርቭንና የደም ሥርን ይጎዳል። ለፒቲኤስዲ የሚታዘዙት ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን ወሲብ ላይ ችግር ማምጣታቸው የታወቀ ነው። የአከርካሪ ጉዳት፣ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናም አለ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ወዲህ አፍጋኒስታን ወይም ጅቡቲ አገልግሎ የመራቢያ አካል ካንሰር የያዘው ሰው ደግሞ በ2022 የወጣው የፓክት ሕግ ይረዳዋል። ካንሰሩን ጦሩ እንዳመጣበት ማስረዳት አይጠበቅበትም፣ ሕጉ ራሱ እንደዚያ አድርጎ ይገምታል። ስንፈተ ወሲቡ በካንሰሩ ወይም በሕክምናው የመጣ ከሆነ ከዚያ ጋር ይያያዛል።

የሚያስፈልጋችሁ ችግሩ በሐኪም መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱ ነው ወይስ ስኳሩ ያመጣው፣ ሐኪሙ በጽሑፍ ቢያሰፍርላችሁ ክሌሙ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። የትዳር ጓደኛችሁም በቅጽ 21-10210 የምታውቀውን መመስከር ትችላለች። ቪኤ ምርመራ ቢጠራችሁ ወጪው የራሱ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የብልት ምርመራውን ነው። ካልፈለጋችሁ «አልፈልግም» ማለት ትችላላችሁ፣ የሐኪሙ ቅጽ ራሱ ለዚህ ቦታ አለው።

እነዚህ ድርጅቶች ሌላም ጉዳት ያደርሳሉ። «ማስረጃው እስኪሟላ ቆዩ» እያሉ ወራት ያስቆጥራሉ። እናንተ ግን ዛሬውኑ በቅጽ 21-0966 ወይም በስልክ ክሌም ልታስገቡ ማሰባችሁን ብታስመዘግቡ፣ አንድ ዓመት ጊዜ አላችሁ። ክሌሙን በዚያ ዓመት ውስጥ አስገብታችሁ ሲጸድቅ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ካስመዘገባችሁበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በስልክ ለደቂቃዎች አነጋግሮ «ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ማገናኘታቸው ነው። መዝገባችሁን ያላየ ሐኪም የጻፈው ደብዳቤ ሚዛን አይደፋም። ውስጡ ሐሰት ካለበት ደግሞ ክሌሙ ላይ ያለው ፊርማ የእናንተ ነው። የእነሱ ስም የትም አይገኝም። ራሳቸውን «አማካሪ» ወይም «አሰልጣኝ» የሚሉትና ቅጹን እናንተው እንድታስገቡ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ሕጉማ ግልጽ ነው። የቪኤ እውቅና የሌለው ሰው የሌላውን ክሌም ማዘጋጀት አይችልም። እውቅና ያለው ጠበቃም ቢሆን ቪኤ የመጀመሪያውን ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ለሠራው ሥራ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። ከውሳኔው በኋላ ይግባኝ ቢይዝላችሁ፣ ከተጠራቀመው ውዝፍ ክፍያ እስከ 20 በመቶ ቢጠይቅ ተገቢ ነው ተብሎ ይገመታል። ከሲሶ በላይ ከሄደ አግባብ የለውም ተብሎ ይገመታል። ልዩነቱን አስተውሉ፦ ጠበቃው ከውዝፉ ነው የሚወስደው፣ ደላላው ግን ገና ወደ እጃችሁ ያልገባውን የወደፊት ወርሃዊ ገንዘባችሁን ነው የሚቆጥረው። እንዲህ በድፍረት የሚሠሩት በ2006 የወንጀል ቅጣቱ ከሕጉ ስለወጣ ነው። ክልከላው አለ፣ ጥርስ ግን የለውም። እንደ ኒው ጀርሲ ያሉ ግዛቶች የራሳቸውን ሕግ ያወጡት ይህን ክፍተት አይተው ነው።

በነጻ የሚሠሩላችሁ ሰዎች ሞልተዋል። ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊውና አሜሪካን ሌጅን የተባሉት የቬተራን ማኅበራት እውቅና ያላቸው ተወካዮች አሏቸው። አባል ባትሆኑም ያስተናግዷችኋል። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ግዛት የቬተራን መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ። ቅጽ 21-22 ፈርማችሁ ውክልና ትሰጧቸዋላችሁ፣ አለቀ። ማንም ሰው «እውቅና አለኝ» ቢላችሁ ሙሉ ስሙን ጠይቁና የቪኤ ድረ ገጽ ላይ ባለው የእውቅና መፈለጊያ ፈልጉት። እዚያ መገኘት ያለበት የድርጅቱ ሳይሆን የሰውየው ስም ነው።

የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ፈርታችሁ አትክፈሉ። ውሉን እውቅና ላለው ተወካይ ወይም ጠበቃ አሳዩ። ለግዛታችሁ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤት በሉ፣ ለቪኤም አመልክቱ። የቪኤ አካውንት ፓስወርዳችሁን ሰጥታችኋቸው ከሆነ ዛሬ ማታ ቀይሩት። ከዚያ በ1-800-827-1000 ደውላችሁ ካሳው የሚገባበት የባንክ ቁጥር የራሳችሁ መሆኑን አረጋግጡ።