ለንደን ወይስ ማድሪድ? ኳስ ለማየት ለሚጓዝ

ትኬት፦ ለንደን እዚህ ላይ ልብ ታደክማለች። አርሰናልን በሜዳው በኤምሬትስ ለማየት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የክለቡ አባል መሆን ያስፈልጋል፤ አባልነት ራሱ ወንበር አያረጋግጥም። ከማይታወቅ ሰው የተገዛ ትኬት ከበር ሊያስመልስ ይችላልና እባክዎ አይሞክሩት! በማድሪድ ለብዙዎቹ የሪያል ማድሪድ የሊግ ጨዋታዎች ከክለቡ ድረ ገጽ መግዛት ይቻላል፤ ኤል ክላሲኮ (ሪያል ማድሪድ ከባርሴሎና) ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መጓጓዣ፦ ሁለቱም ምቹ ናቸው። የሪያል ማድሪድ ሜዳ በርናቤው በሜትሮ 10ኛ መስመር፣ ኤምሬትስ በፒካዲሊ መስመር።

ወጪ፦ ማድሪድ በምግብም በሆቴልም ትረክሳለች።

ቪዛ፦ ማድሪድ በሸንገን ቪዛ ይገባል፤ ለንደን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች።

ሁለት ቀን ብቻ ላለው ማድሪድ ትሻላለች። ሳምንት ለሚቆይ ግን ለንደን ናት፤ ትልቁ ጨዋታ ቢያመልጥ እንኳ በቴምዝ ዳር የፉልሃም ሜዳ አለ።