ሃይሉክሴን በልኩ ከፍ ላደረገልኝ መካኒክ

ስሜን እንዳትጠራ ስላለኝ አልጠራውም። ምስጋናውን ግን በአደባባይ ካላደረስኩ ዕዳ ይሆንብኛል።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። በደብል ጋቢና ሃይሉክስ ከአርባ ምንጭ ኮንሶ፣ ከዚያ በወይጦ አድርጌ እስከ ቱርሚ እወርዳለሁ። ቧንቧው፣ የመፍቻ ሳጥኑ፣ ጀሪካኑ፣ ትርፍ ጎማው ሁሌም አለ። ባዶዋን የምትሄድበት ቀን የለም። ኋላዋ ይተኛል፣ ሆዷ ድንጋይ ይመታል። ስለዚህ አምና አንድ ጋራዥ ወስጄ በስፔሰር፣ ማለትም መኪና ከፍ ለማድረግ በሚጨመር ቁራጭ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አስደረግኳት።

ሁለት ወር አልቆየም፣ ከፊት የሲቪ ጆይንቱ (ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) መሸፈኛ ጎማ ተቀደደና ግሪሱ ቸርኬው ላይ ተረጨ። ጎማ አንድ ጎኑን ብቻ ይበላል። ኩርባ ላይ ትዋዥቃለች። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ኋላዋ እንደ ድሮው አይይዝም። ሦስት ሰው ይዤ ቁልቁለት ስወርድ ልቤ ይመታ ነበር።

በጓደኛዬ ጥቆማ አዲስ አበባ ያለው ይህ መካኒክ፣ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ገና መኪናዋን ሳያይ፣ "ምን ትጭናለህ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?" አለኝ። "በል ነገ ሙሉ ጭነትህን ይዘህ ና።"

በማግስቱ ሜትሩን አውጥቶ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ከመሬት አይለካም፣ የጎማው መጠንና ንፋስ ያሳስታል። ቁጥሩን በጠመኔ እዚያው ፓራፋንጎው ላይ ጻፈ። ከዚያ ቧንቧውን አብሮን አወረደና እንደገና ለካ። የኋላው ልዩነት 6 ሳንቲ ሜትር ነው።

"ልጄ፣ ባሌስትራህ ጭነቱን አልቻለም እንጂ መኪናህ አላጠረችም" አለኝ።

ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ፊቷ ከልክ በላይ ሲነሳ የሲቪ ጆይንቱ ማዕዘን ይጨምራል። ጎማውም ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ አየር ላይ ይንጠለጠላል። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር የነበረው ለካ ለዚህ ነው። የኋላው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ደግሞ ሞላም ባሌስትራም ቢቀየር ያው ቦታው ላይ ነው፣ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው።

የፍሬኑን ነገር ግን እስከዛሬ የነገረኝ አልነበረም። ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ጭነቱን የሚገምተው በአካሉና በአክስሉ ርቀት ነው። መኪናዋ ስትነሳ ባዶ ናት ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ከነጭነቴ ቁልቁለት የምወርደው በዚህ ፍሬን ነበር!

ስፔሰሩን አወጣው። ፊቷን በሞላና በሚመጥነው ሾክ አብዞርበር 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ አነሳ። ለኋላው ቋሚ ጭነት የሚችል ባሌስትራ ገጠመ፣ የቫልቩን ዘንግ አስተካከለ፣ አላይመንት አሠራኝ። እኔ ውዱን ትልቅ የማንሻ ኪት ግጠምልኝ ብዬው ነበር። እምቢ አለኝ። ትርፉን ትቶ እምቢ ማለቱን አልረሳውም።

1,000 ኪሎ ሜትር ስሞላ ራሱ ደወለ። "የባሌስትራውን ብሎኖች ሳላጠብቅልህ እንዳትወርድ!"

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቱርሚ ደርሼ ተመልሻለሁ። ስትጫን ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ፍሬኗም ይይዛል። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ መኪና ከፍ ልታስደርጉ ካሰባችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ሁልጊዜ የምትጭኑትን ጭናችሁ ሂዱ። ባዶዋን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ነገ ኑ ብሎ ይመልሳችኋል።