«ራም አይደለም ጋሼ»፦ ጅማ ላይ ያገኘሁት ኮምፒውተር ጠጋኝ

የቡና መጋዘናችን ኮምፒውተር ዛሬም በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው የምትሠራው። አትሳቁ። የሚዛኑ ፕሮግራም ከኤክስፒ ሌላ አያውቅም፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ኤክስፒን እ.ኤ.አ. በ2014 እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ሁለቱ ሚዛኖች የሚገናኙት ውስጧ በተሰካ አሮጌ የፒሲአይ ካርድ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ጀንፈል የጫኑ መኪኖች በር ላይ ተሰልፈው፣ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ማሽኗ ራሷን አጥፍታ ትነሳለች። በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴ አራቴ። ሹፌሩ ይጮኻል፣ እኔ ካልኩሌተር ፍለጋ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት (ስሙ ይቅር) ክዳኗን እንኳ ሳይከፍት «ራም ነው» አለኝ። ራም ተጨመረ፣ ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ፣ ከዚያ ተመለሰባት። ሌላው ፎርማት አደረጋት። በሦስተኛው ቀን ያው ሰማያዊ።

በሰው ጥቆማ ፈረንጅ አራዳ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል ሄድኩ። ታፔላ የላትም፣ በሯ ላይ የተደረደሩ የድሮ ስክሪኖች ናቸው ምልክቷ። ልጁ ገና ሳልቀመጥ «ጋሼ፣ ሰማያዊው ላይ ምን ይላል?» አለኝ። ምን አውቄ፣ ሳላነበው ይጠፋል! «ሚዛኑ ካልተገናኘ ችግሩ አይታይም» ብሎ በባጃጅ መጋዘን ድረስ መጣ። ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ ገባና ስህተት ሲፈጠር በራሷ እንድትነሳ የሚያደርገውን ምልክት አነሳው። በሚቀጥለው ጊዜ ጽሑፉ ቆሞ ጠበቀን። መጨረሻው ዲ1 የሆነ ኮድና የአንድ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) ስም፣ የዚያው የካርዱ። ዊንዶውስ ሰማያዊ በሆነ ቁጥር መዝገብ የሚያስቀምጥበትን ሚኒደምፕ የሚባለውን ፎልደር ሲከፍት ደግሞ እያንዳንዳቸው 64 ኪሎባይት የሆኑ ፋይሎች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደዚያው ድራይቨር ነው።

«ራም አይደለም ጋሼ» አለና አስረዳኝ። ዊንዶውስ ሚሞሪ (ራሙ ማለት ነው) ሲጠበው ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያወርዳል። ይሄ ድራይቨር ከሚዛኑ የሚመጣውን ቁጥር የሚያስቀምጠው እንዲህ ሊወርድ በሚችል ቦታ ላይ ነው። ሚዛኑ ቁጥር ሲልክ ግን ማሽኗ ሌላውን ሁሉ ጥላ የምትሮጥበት ቅጽበት ነው፣ ከዲስክ እስኪመጣ ልጠብቅ ማለት አይቻልም። ቦታው ራም ላይ ካለ ደህና፣ ወርዶ ከሆነ ሰማያዊ። ራም ሲጨመር የተሻላት የመሰለኝም ለካ ለዚህ ነው፤ የሚወርደው ነገር አነሰ እንጂ ስህተቱ እዚያው ነበር። ኤክሴሉም ብራውዘሩም አንድ ላይ ሲከፈት ብቻ ለምን እንደሚብስባትም ያኔ ገባኝ።

ይሄን በወሬ ብቻ ቢነግረኝ አላምነውም ነበር። ዊንዶውስ ውስጥ ቨሪፋየር የሚባል፣ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ መፈተሻ አለ። የካርዱን ድራይቨር ብቻ መርጦ አስነሳው። መፈተሻው ድራይቨሩ ወደዚያ የሩጫ ሰዓት በገባ ቁጥር ሊወርድ የሚችለውን ሚሞሪ ሆን ብሎ ያርቅበታል። ሚዛኑ ላይ አንድ ጆንያ አስቀመጥን። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ሰማያዊ! ግማሽ ቀን የምንጠብቀው ነገር በጆንያ መጣ።

ካርዱን ነቅሎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ቺፑ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ መብራት አነበበ። የቺፑ ሠሪ በኋላ ያወጣውን ድራይቨር አውርዶ ጫነ፣ በቨሪፋየር ደግሞ ፈተነው። ዝም። እስካሁንም ዝም ነው።

ቅሬታ አለኝ ግን። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው፣ በዚያ ሰሞን አራት ቀን ማለት ስንት መኪና እንደሆነ የጅማ ሰው ያውቃል። ስልክ አያነሳም። ደረሰኝ የለም። ቨሪፋየሩንም ሳያጠፋ ሄዶ ማሽኗ ስትንቀራፈፍ ዋለች፣ በማግስቱ እኔው ሄጄ ጠራሁት። ያስከፈለኝ 900 ብር ነው፣ ለማይጠቅመኝ ራም ካወጣሁት ያነሰ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ሰማያዊውን ስክሪን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ እሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በሩን ክፍት አግኝቼው አላውቅም።