ለሦስት ሰው አንድ ላፕቶፕ፦ አካውንት ሲቀየር ስታክ የሚያደርገው ያገለገለ ኮር አይ 5

ላፕቶፑ ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው ማለቴ ነው። ለሦስት ሰው ግን፣ እንደተገዛ ምንም ሳይቀየርለት ከተያዘ፣ ቤት ውስጥ ጠብ ያስነሳል።

ዕቃው ያገለገለ ነው። 14 ኢንች፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት። የምርቱን ስም ትቼዋለሁ፤ የማወራው ችግር በዚህ ልክ የተሠራ ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይታያል። ዋጋውንም አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ያለፈው ወር ዋጋ ለዚህ ወር አይሆንም።

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔ ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልሱ ጀልባዎችን ሒሳብ እይዝበታለሁ። ባለቤቴ መምህርት ናት፣ የተማሪዎቿን ውጤት ኤክሴል ላይ ትሞላለች። ወንድሟ ፖሊ ሲቪል ምሕንድስና ይማራል፤ የንድፍ ፕሮግራሙን አውቶካድ ይከፍታል፣ ብሮውዘሩ ላይ መዓት ገጽ ይደረድራል፣ ከዚያ ሁሉንም እንደተከፈተ ትቶት ይነሳል።

ሦስታችንም የየራሳችን አካውንት አለን። ማታ ባለቤቴ ስትቀመጥ ስሟን ትነካለች፣ ፓስወርዷን ታስገባለች፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁርና የማውዟ ቀስት ብቻዋን ትቀራለች። አንዳንዴ እሷም ቀጥ ትላለች። ወንድሟ ከወዲያ ሆኖ «ጋሼ፣ ደግሞ ጠቆረ?» ይለኛል፣ እሱ እንደሌለበት ነገር። በዚህ ሁሉ መሃል የዲስኩ መብራት ለሰከንድ እንኳ አይጠፋም።

ወስደን ለጥገና ሰጠነው። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ተባለ። ተደረገ። ለጥቂት ቀን ሸጋ ሆነ፣ ምክንያቱም ገና ምንም አልተጫነበትም፣ ከዚያ ተመልሶ ያው። አገራችን ውስጥ ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ ፎርማት የሚታዘዘው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አንድ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አካውንት ስትቀይሩ ዊንዶውስ የመጀመሪያውን ሰው አያስወጣውም። የከፈተው ሁሉ ራም ላይ እንዳለ ይቆያል። በአንድ ምድጃ ላይ ሦስት ድስት እንደመጣድ በሉት። 4 ጊጋው ውስጥ ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ይይዛል፣ አውቶካዱና ብሮውዘሩ የተረፈውን ይጠርጉታል፤ ከዚያ ሁለተኛው ሰው ሲገባ የእሱ ቴሌግራም፣ የእሱ የፋይል ማመሳሰያ፣ የእሱ ምኑም ምኑም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ራም ሲሞላ ሲስተሙ የቆየውን አንስቶ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ የሚፈለገውን ደግሞ ከዚያው ያነባል። ዲስኩ ደግሞ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው። እዚህም እዚያም የተበታተነ ነገር ሲጠየቅ በሰከንድ መቶ ያህል ጥያቄ ቢያደርስ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ አልሞተም፣ ወረፋ ላይ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ታገኙታላችሁ። እዚያው ዩዘርስ የሚል ክፍል አለ፣ ማን ምን ያህል ራም እንደያዘ በስም ያሳያል። እኛ ቤት ክርክሩ ያበቃው እሱ የተከፈተ ቀን ነው። አድሚን ከሆናችሁ ከዚያው ሌላውን ሰው ማስወጣትም ትችላላችሁ፣ ያላስቀመጠው ሥራ ግን አብሮ ይጠፋል።

መጀመሪያ ዲስኩን የሚሽከረከር ሳህን በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ቀየርነው። ልዩነቱን ለመግለጽ ቃላት ማባከን አልፈልግም፤ የሻይ ጊዜ የነበረው መቀያየር የጥቂት ሰከንድ ሆነ። ራሙ ያኔ ገና 4 ጊጋ ነበር፣ መሙላቱም አልቀረም፣ ግን ወረፋው ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ቆይተን 8 ጊጋ ራም በባዶው ቦታ ላይ ጨመርን። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ካላችሁ ኤስኤስዲውን አስቀድሙ። ሻጮች «ኮር አይ 5 ነው» እያሉ ያስጎመጃሉ። ለጋራ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ መጨረሻ የሚጠየቅ ነገር ነው።

ብር ለሌለው ደግሞ ነፃ መፍትሔ አለ፦ ስትነሱ ስዊች ዩዘር አትበሉ፣ ሳይን አውት በሉ። እኛ ቤት ይህ ሕግ ነው፣ የሚጥሰውም አንድ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነ ገምቱ። ሲከፈት አብሮ የሚነሳውን ፕሮግራም መዝጋትም ይረዳል፣ ግን በአንዱ አካውንት የተዘጋው ቴሌግራም በሌላው ይነሳልና በሦስቱም ገብታችሁ ዝጉት።

ስክሪኑ ሲጠቁር ግን ፓወሩን ለመጫን አትቸኩሉ። ካፕስ ሎክን ንኩ። መብራቷ የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ ማሽኑ በሕይወት አለ፣ ታገሱት። የዊንዶውስ ቁልፍን ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከቢ ጋር መጫን ደግሞ ስክሪኑን የሚያሠራውን ፕሮግራም (ድራይቨሩን) እንደገና ያስነሳዋል፤ ከእንቅልፍ ከተነሳ በኋላ የሚመጣው መጥቆር ለኛ በዚህ ይለቃል። ፓወሩን በግድ ካጠፋችሁት የሚጠፋው የእናንተ ሥራ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ የአንድ ክፍል ውጤት ሙሉ በሙሉ ዳግም ሞልታለች፣ የዚያን ምሽት ዝምታ ለጠላቴም አልመኝም።

ሌላ ምን አለ? ኪቦርዱ ግሩም ነው። አካሉ ጠንካራ ነው፣ ከጠረጴዛ ወድቆ ምንም አልሆነም። ስክሪኑ ደብዛዛ ስለሆነ ሐይቁ ዳር በቀን ይዞ መቀመጥ አይታሰብም፤ ማታ ደግሞ ትንኙ ብርሃኑን አይቶ ይሰፍርበታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ፋኑ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ይጮኻል። አቧራው ተጠርጎ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ከተቀየረ በኋላ ረገብ ብሏል።

የቀረው ሁለት ነገር ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። እንደኔ ለቤት የሚገዛ ሰው ትንሽ ጨምሮ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ቢጀምር ይሻለዋል። ሌላው ባትሪው ነው። መብራት ሲጠፋ ሦስት አካውንት ተከፍቶ ከሆነ አንዱን እንኳ ሴቭ ለማድረግ አያደርስም። እሱን ገና አልቀየርነውም፣ ማን ይክፈል በሚለው ላይ አልተስማማንም።