ስምንት ወር ከክሮም ፓድል ጋር

የአስፋልት ፕላንት አለኝ ስል ሰው ሀብታም ያደርገኛል። ያለኝ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ የቆመ ያገለገለ ማሽን ነው። በአንድ ዙር አንድ ቶን ያቦካል። ሲሠራ ይመግበኛል፣ ሲቆም ይበላኛል።

የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አይደለም፤ ሚክሰሩ ውስጥ ያሉት ብረቶች ናቸው። ሁለት ዘንጎች አሉ፣ በዘንጎቹ ላይ ክንዶች፣ በክንዶቹ ጫፍ ደግሞ ጠጠሩን የሚያማስሉ፣ በቡሎን የሚታሰሩ ፓድሎች። ግድግዳውንና ወለሉን የሚያለብሱት ላይነሮች ይባላሉ። ወደ 160 ዲግሪ የሞቀ ጠጠር ከሬንጅ ጋር ሲታሽ ቀኑን ሙሉ የሚፈገፈጉት እነዚህ ናቸው።

ድሮ ከአሮጌ የግሬደር ምላጭ እያስቆረጥን ነበር የምንገጥመው። ርካሽ ነው፤ ግን ሁለት ወር ሲሞላው ጫፉ እንደ ቢላ ይሳሳል። ቀጥሎ አንድ ወዳጄ የክሬሸር (የድንጋይ መፍጫ) ማንጋኒዝ ብረት እንድሞክር አሳመነኝ። አልሆነም። ማንጋኒዝ የሚጠነክረው ሲመታ ነው። ክሬሸር ውስጥ ድንጋዩ ይደበድበዋል፣ ገጹም በዚያው ይጠጥራል። ሚክሰር ውስጥ ግን ዱላ የለም፣ ፍግፈጋ ነው። ብርጭቆ ወረቀት እንደያዘው ለስላሳ ብረት ተበልቶ አለቀ።

የአሁኖቹን ጥቅምት ላይ ገጠምን፤ ይኸው ሰኔ ገባ። 26 በመቶ ክሮም ያለበት ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ብረት ነው። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ወደ 60 ይጠጋል። ሞረድ ብታስኬድበት ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም። የመጣበት መንገድ ያስቃል፦ ኮንቴነሩ ከጅቡቲ በባቡር ተነስቶ በድሬዳዋ አልፎን፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከርሞ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተመልሶ መጣ። ኪራዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ዋጋው የግሬደሩን ብረት አራት እጥፍ ነው። ባለፈው ሳምንት በካሊፐር ስለካው 30 ሚሊ ሜትር የነበረው ጫፍ 21 ላይ ደርሷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የድሮውን አራት ጊዜ እቀይር ነበር። አራት ጊዜ መቀየር ማለት አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ቀን መቆም ነው፤ አስፋልቱን የሚያነጥፈው ፊኒሸርና የሚዳምጠው ሮለር መንገድ ላይ ተገትረው፣ ገልባጮቹ ኪራይ እየቆጠሩ።

ታዲያ ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። ጥር ላይ ሚክሰሩ እንደሞላ ጄኔሬተሩ ጠፋ። እስኪነሳ ድረስ ቅይጡ ቀዝቅዞ ድንጋይ ሆነ። ልጆቹ ሊቆፍሩት ድጅኖ ይዘው ገቡ። ፎርማኑ «ቀስ በሉ፣ እሱን ብርጭቆ በሉት!» እያለ ይጮሃል። አንዱ «አቦ ብረት አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል?» አለና አሳረፈበት። ጠቅ ሲል እኔም ውጭ ሆኜ ሰማሁት። ላይነሩ ከቡሎኑ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። በያጁ በተራ ኤሌክትሮድ ሊይዘው ሞከረ። ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ወጣ። ጣልነው።

ልትገጥሙ ካሰባችሁ በፓድሉ ጫፍና በላይነሩ መካከል ያለውን ክፍተት በየሳምንቱ ለኩ። ከትልቁ ጠጠር ግማሽ መብለጥ የለበትም። እኛ የምንጠቀመው ትልቁ ጠጠር 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወሰናችን 10 ነው። ሲሰፋ ጠጠሩ መሃል እየተሸጎጠ ይሰባበራል፣ ከስር ያለውም ሳይታሽ ይቀራል። ገልባጩ ላይ ሬንጅ ያልነካው ጠጠር ካያችሁ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

ትልቁ ቅሬታዬ ቡሎኑ ላይ ነው። ሻጩ አብሮ የላከው ለስላሳ ነበር። ፓድሉ ምንም ሳይሆን የቡሎኑ ራስ አለቀ፤ ቁልፍ የሚይዘው ነገር አጣ። በፍሌክስ ቆርጠን አወጣነው። አሁን ራሱ ላይ 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የተጻፈበትን ነው የምገዛው። የመጀመሪያው ቀን ሙቀት ካለፈበት በኋላም ሁሉንም እንደገና እናጠብቃለን። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ድጋሚ እገዛለሁ ወይ? አዎ፣ ለፓድሉም ለወለሉ ላይነርም። ጄኔሬተር ሲጠፋ በኮምፕረሰሩ ውስጥ በቀረው አየር የሚክሰሩን በር ቶሎ ከፍተን እናራግፋለን። ድጅኖው ቢሮዬ ውስጥ ተቆልፎበታል። ልጆቹ ሲጠይቁኝ አካፋ እሰጣቸዋለሁ።