የመኪና ኢንተርኔት ዲሽ ላይ «ቲቪም እንጨምርላችሁ» ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ በተለይ መኪና ለፕሮጀክት የምታከራዩ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ሰሞኑን የሚሸጥ አንድ «አገልግሎት» አለ። መኪናችሁ ጣሪያ ላይ የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ካዩ ጠጋ ይላሉ። «ይሄው ዲሽ ቲቪም ይስብላችኋል፣ ኤልኤንቢ ብቻ ነው የምንጨምርለት፣ ሌላ ዲሽ መግዛት ምን ያደርጋል» ይላሉ። ኤልኤንቢ ማለት ዲሹ ፊት ተቀምጦ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ ነው። ምላሳቸው ጤፍ ይቆላል። እኔ ግን ውጤቱን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጽፈው።

የአክስቴ ልጅ አንድ ሃርድ ቶፕ መኪና አለው። ወደ ደላንታና ወደ ወረኢሉ በኩል ለመንገድና ለውሃ ሥራ ያከራየዋል። አንዳንዱ ካምፕ ኔትወርክ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስለዚህ ጣሪያው ላይ በሞተር የሚነሳ የኢንተርኔት ዲሽ አለው። መኪናው ቆሞ ቁልፉ ሲጫን ዲሹ ራሱ ይነሳል፣ ሳተላይቱን ፈልጎ ይይዛል። ሥራ ሲያልቅ ታጥፎ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ጥሩ ዕቃ ነው። ችግሩ ሠራተኞቹ ማታ ማታ ዜናና ኳስ ይፈልጋሉ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ በጊጋ ስለሚቆጠር ኳስ በእሱ ማየት ኪስ ያራቁታል። ታዲያ ደሴ ውስጥ አንድ ሱቅ (ስሙን አልጠራም) በ28,000 ብር «እዳው ገብስ ነው» አለው። ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ሥራው ሲያልቅ።

የሠሩትን ልንገራችሁ። ከዲሹ ክንድ ጎን አንድ ቁራጭ አንግል ብረት በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ) አሰሩ። ጫፉ ላይ የቤት ኤልኤንቢ አንጠለጠሉ። ከሞደሙ የሚወጣውን ኬብል ቆርጠው ስፕሊተር (አንዱን ኬብል ለሁለት የሚከፍል ዕቃ) አስገቡ፣ አንዱን ጫፍ ሪሲቨሩ ላይ ሰኩት። አለቀ። ከዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቲቪውን ከፈቱት፣ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ሁሉም አጨበጨበ፣ ቀሪው ብር ተቆጠረ።

ግን እንዴት መጣ? ሰውየው የዲሹን ሞተር በእጅ ትእዛዝ እያዞረ ቀጥታ የቲቪው ሳተላይት ላይ ነበር ያነጣጠረው። በዚያች ሰዓት ኢንተርኔቱ ጠፍቷል። ሁሉም ዓይኑን ቲቪው ላይ ተክሎ እያለ ሞደሙን ማን ያያል? ሸውዱ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ አላሳዩትም፣ ማሳየትም አይችሉም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቲቪ ሳተላይቶችም፣ በሞተር የሚነሳው ዲሽ የሚፈልጋቸው የኢንተርኔት ሳተላይቶችም ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዲግሪ ተደርድረው ነው ያሉት። ኢትዮሳት የምንለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ዲኤስቲቪ 36 ዲግሪ ምሥራቅ። የአክስቴ ልጅ ኢንተርኔት ደግሞ የሚመጣው ከምዕራብ በኩል ካለ ሌላ ሳተላይት ነው። ዲሽ እንደ ባትሪ መብራት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያየው። 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በኩ ባንድ (ለቲቪም ለኢንተርኔትም በሚውለው የሳተላይት ሞገድ) የሚያየው ከ2 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ዲሹ ኢንተርኔቱን ሲይዝ ቲቪው ከኋላው ይቀራል፣ ቲቪውን ሲይዝ ኢንተርኔቱ ይሞታል።

«ቤታችን በአንድ ዲሽ ሁለት ኤልኤንቢ አለ አይደል እንዴ?» ይላሉ ሻጮቹ፣ አፋቸውን ሞልተው። አዎ፣ አለ። እሱ ግን ሳተላይቶቹ ሲቀራረቡ ነው፣ 10 ዲግሪ ገደማ ቢራራቁ። ከዚያ ሲያልፍ ከጎን ያለው ኤልኤንቢ የሚደርሰው ሲግናል በጣም ይዳከማል። ደግሞ የቤት ዲሽ አንዴ ግድግዳ ላይ ከታሰረ አይነቃነቅም። መኪና ግን ዛሬ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ነገ ዳገት ላይ። መኪናው ወደ ጎን ትንሽ ካጋደለ ሞተሩ ዋናውን ሲግናል ፈልጎ ያስተካክላል፣ ከጎን የተንጠለጠለው ግን አብሮ ተጣሞ (አቅጣጫው ዞሮ) ሳተላይቱን ይስታል። እስቲ ወሎ ውስጥ ውሃ ልክ የሆነ መቆሚያ ፈልጋችሁ አምጡልኝ! ሳተላይቶቹ ጎረቤት ቢሆኑ እንኳ ያ ኤልኤንቢ በየቆማችሁበት አዲስ ማስተካከያ ይፈልጋል።

እሺ፣ ካምፕ ደርሰው ዲሹን አነሱት። ኢንተርኔቱ ሠራ። ቲቪው «ሲግናል የለም» አለ። ስልክ ሲደወል መልሱ «ተራራው ነው የጋረደው» ሆነ። መኪናው ደሴ ተመልሶ ሱቁ ደጃፍ ቆሞም አልሠራ ሲል «የጋረደው ጦሳ ተራራ ነው» አሉት። ይሄኛው በጣም ነው ያሳቀኝ፣ ያናደደኝም። ከደሴ ስታዩት ኢትዮሳት ያለው በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ወደ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ ነው። ከፍታውም ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ማለትም ከግማሽ ሰማይ በላይ። ጦሳ ደግሞ በምዕራብ ነው ያለው። ጦሳ በየት ዞሮ ይጋርደዋል? ዲኤስቲቪማ ይባስ ብሎ 76 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ አናታችን ላይ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቲቪ ያልሳበላችሁ ሰው ተራራ ሲያማ ከሰማችሁ፣ ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ እናንተን አያከብርም። ከግድግዳና ከትልቅ ዛፍ ሥር ካልቆማችሁ በስተቀር ተራራ ምክንያት አይሆንም። ከባድ ዝናብ ሲግናል ያጠፋል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል።

ይሄ ሁሉ ብሩን ውሃ በላው ከማለት ያለፈ አልነበረም። የባሰው ሲታጠፍ ነው። ዲሹ የሚተኛበት ቦታ ከፋብሪካ ተለክቶ የተሠራ ነው፣ በጣት የሚቆጠር ክፍተት ነው ያለው። ያ አንግል ብረት ሲጨመርበት፣ ዲሹ ወርዶ ሊተኛ ሲል ብረቱ ፖርቶ መጋላውን ገጨ። ሞተሩ ምን ያውቃል፣ አልተኛሁም ብሎ መግፋቱን ቀጠለ። ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ ሮጦ እስኪያጠፋው ድረስ የዲሹ ክንድ ወደ ግራ ተጣምሟል። እኔ ሳየው ኤልኤንቢው አንገቱን ደፍቶ፣ ፋሸታው ቀለሙን ልጦት ነበር። የክንዱ መጣመም በዓይን ሲታይ የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። ለኢንተርኔት ግን በቂ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ዲሽ እንደ ቲቪ ዲሽ ተቀባይ ብቻ አይደለም፣ ወደ ሳተላይቱ ይልካልም። ክንዱ ከተጣመመ የሚልከው ጨረር ጎረቤት ሳተላይት ላይ ሊያርፍና የሌላውን ሰው መስመር ሊረብሽ ይችላል። አገልግሎት ሰጪው ይሄን ሲያይ ይዘጋል፣ ዘጋበትም። ልክ ነው የሠሩት፣ አልፈርድባቸውም።

ስፕሊተሩስ? የኢንተርኔት ሞደም ኤሌክትሪክ በኬብሉ ይልካል፣ ዲሹ ላይ ላለው ማሰራጫ (ወደ ሳተላይቱ ለሚልከው ክፍል) 24 ቮልት የሚልክ አለ። ሪሲቨሩም በራሱ በኩል 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፣ ቨርቲካልና ሆሪዞንታል (ቁምና አግድም ሲግናል) የሚቀያየረው በዚያ ነው። ሁለቱን አንድ ኬብል ላይ ስታገናኟቸው ማን ማንን እንደሚያቃጥል የዕድል ጉዳይ ነው። እሱ ጋ ሪሲቨሩ ተቃጠለ። ሞደሙ ቢሆን ኖሮ ሥራው በሙሉ ይቆም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከብር በላይ ያሳስበኛል። ይሄ ዲሽ ሲሠራ ከፊቱ መቆም አይፈቀድም። የሚልከው ጥቂት ዋት ቢሆንም በዲሹ ተሰብስቦ ነው የሚወጣው። እነዚህ «ባለሙያዎች» ሞደሙን ሳያጠፉ ፊት ለፊቱ ቆመው ብሎን ሲያጠብቁ ነበር፣ አጠገባቸው ደግሞ የሰፈር ልጆች ተኮልኩለዋል። መኪናችሁን የሚነካ ማንም ሰው መጀመሪያ ሞደሙን ካላጠፋ፣ ዕቃውን ሰብስቡና ሂዱ።

አሁን ደግሞ ጠፍጣፋው ዲሽ ላይም ያንኑ ሊሞክሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የስታርሊንክ ዓይነቱን ማለቴ ነው። እሱማ ጭራሽ ኤልኤንቢ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የሚከተላቸው ሳተላይቶች 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እየተሯሯጡ የሚያልፉ ናቸው፣ የቲቪዎቹ ደግሞ ሩቅ ላይ የቆሙ። ከፍተው ካዩት ውሃ ማስገቢያ ይሆናል እንጂ ቲቪ አይሆንም። ለነገሩ ማንኛውንም የሳተላይት ኢንተርኔት ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ጠይቁ፣ ደላላ «ችግር የለውም» ስላላችሁ ብቻ እንዳትገዙ። «እየተነዳም ቲቪ ያሳያል» የሚሉም አሉ። በሞተር የሚነሳው ዲሽ መኪናው ሲንቀሳቀስ ታጥፎ የሚተኛ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረዳችሁ ምን ሊያሳያችሁ ነው?

ቲቪ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ ደግሞ ርካሽ ነው። ለቤት የምንጠቀምበትን ትንሽ ዲሽ ከነኤልኤንቢው ግዙ። በሦስት እግር የሚቆም ብረት በየትኛውም ብየዳ ቤት ይሠራላችኋል። ሪሲቨሩ ኤችዲ ይሁን፣ ከመኪና ባትሪ በ12 ቮልት የሚሠራ ካገኛችሁ ደግሞ ኢንቨርተር አያስፈልጋችሁም። ካምፕ ስትደርሱ ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። በስልክ ኮምፓስ አቅጣጫ የምትለኩ ከሆነ ከመኪናው ጥቂት ራመድ በሉ፣ ብረቱ ኮምፓሱን ያሳስተዋል። ከደሴ አካባቢ ለኢትዮሳት 122 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው 66 ነው ስላልኩ ዲሹን ሰማይ አታሳዩት፣ የእኛ የቤት ዲሾች አብዛኞቹ ኦፍሴት (ኤልኤንቢያቸው ከመሃል ዝቅ ብሎ የተቀመጠ) ስለሆኑ ከምታስቡት በላይ ቀና ብለው ነው የሚቆሙት። ሪሲቨሩን የሲግናል ገጽ ላይ ክፈቱና ቀስ እያላችሁ ፈልጉ። የለመደ ልጅ ቡና ሳይፈላ ይጨርሰዋል። ኢትዮሳት ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ኳሱን በዲኤስቲቪ ለምትፈልጉ ግን ዲሹን ወደ 36 ማዞር፣ የዲኤስቲቪን የራሱን ሪሲቨር መጠቀምና ካርድ መሙላት ያስፈልጋል።

አሁንም «የእኛ ይለያል» የሚላችሁ ካለ ሦስት ነገር ጠይቁት። ኢንተርኔቴ ስንት ዲግሪ ላይ ነው፣ ቲቪውስ? ሁለቱንም አንድ ላይ ከፍተህ አሳየኝ። አንዱን ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥቼ ዲሹን አጥፈህ አንሳልኝ። ይሄን ሲሰማ ሻይ የሚጋብዛችሁ ከሆነ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ቀድማችሁ ያሠራችሁ ደግሞ ዲሹን ደግማችሁ ከማጠፋችሁ በፊት የተጨመረውን ብረት ፍቱት፣ ስፕሊተሩንም አውጡና የሞደሙን ኬብል በቀጥታ መልሱት። ክንዱ መጣመሙን ከጠረጠራችሁ ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ደውላችሁ እስኪያረጋግጡላችሁ ድረስ ሞደሙን አታብሩት። ደረሰኝ ካላችሁ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ወይም አገልግሎት የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት፣ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሰጠው ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ሱቁ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ የተቆረጠውን ኬብልና የተጣመመውን ክንድ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። የአክስቴ ልጅ ደረሰኝ ሲጠይቅ «ቫት ይጨመርብሃል» ብለው አስፈራርተው በቃል ብቻ ነበር የሸኙት፣ አሁን ጉዳዩን እየገፋ ያለው ቀሪውን ብር በሞባይል ባንኪንግ የላከበትን ማስረጃ ይዞ ነው።