ሊኑክስን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ልጫን ወይስ በቨርቹዋልቦክስ?

ሲስተም አድሚን (ሰርቨርና ኔትወርክ የሚያስተዳድር ባለሙያ) መሆን የሚፈልግ የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፤ ቨርቹዋልቦክስ ደግሞ በኮምፒውተርህ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም ነው።

ወጪ፦ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ኪስ የሚጎዳው ዳታው ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የዴስክቶፕ ፋይሉ ከ5 እስከ 6 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዴቢያን የሚባለው ሌላ ዓይነት ትንሹ መጫኛው ግን ከ1 ጊጋ በታች ነው፤ የጎደለውን ሲጫን ያወርዳል። ያወረደ ጓደኛ ካለህ ፍላሽ ይዘህ ሂድ።

ማሽን፦ ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ያለ ዴስክቶፕ (መስኮትና አይከን ሳይኖረው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ) በቀጥታ የተጫነ ሰርቨር ግን በዚያው ላፕቶፕ እንደ ልቡ ይሮጣል። 8 ጊጋ ካለህ በቨርቹዋልቦክስ ሁለት ሰርቨር አስነስተህ በኤስኤስኤች (ከአንዱ ማሽን ሌላውን በርቀት ማዘዣ መንገድ) አገናኛቸው። ሥራው እሱ ነው።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ልምከርህ። እኔ በቀጥታ ስጭን «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን ሳላነብ ነካሁ። የወንድሜ የምረቃ ፎቶዎች በዚያው ቀሩ፤ እስከዛሬ ቡና ላይ ያነሳብኛል። በቨርቹዋልቦክስ ከመነካካትህ በፊት ስናፕሾት (ማሽኑ አሁን ያለበትን ሁኔታ መልሰህ የምታገኝበት ቅጂ) ያዝ። ኔትወርኩን ብትሰብረው፣ የፋይል ፈቃዶችን ብታዛባ፣ በደቂቃ ይመለሳል። ችግሩ መመለስ ሲቀል ሰው ይሰንፋል። እውነተኛው ማሽን አልነሳም ሲል ግን ሎግ (ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) ማንበብ ግድ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ድርግም ካለማ፣ የፋይል ሲስተም (ዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት) ጥገናን ሳትወድ ትማራለህ።

ላፕቶፑ የቤተሰብ ከሆነ ወይም የትምህርት ፋይል ካለበት ቨርቹዋልቦክስ። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ማሽን ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ጫንበት፤ ፎቶዎቹን ግን መጀመሪያ ቅዳ።